ሁለት ጊዜ ብቻ የሚበላው ሾፌር

ካንግ ሱሮሶ በሃያ ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ የቀመሰው ነገር ሁሉ በዚህ በቀኝ እጄ አልፏል። መሪ የያዘ ሰው እንቁላል አይልጥም፤ የሚልጠው ረዳቱ ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥዬ መንገደኛ እጠራለሁ፣ ሂሳብ እሰበስባለሁ፣ በመሀሉ ደግሞ የድርጭት እንቁላል ልጬ፣ ጨው አስነክቼ ወደ አፉ እሰዳለሁ። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አፉን ይከፍታል፤ ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። እንግዲህ ሰውየው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጣቱን መቀሰር የሚፈልግ ካለ ወደ እኔ ይቀስር፤ ግን መጀመሪያ ይስማኝ።

ዋርኖ እባላለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያውን የጨረስኩት በአንድ አውቶቡስ በር ላይ ነው። ካንግ የምለው ታላቄ ስለሆነ ነው። የሥጋ ወንድሜ አይደለም፣ ግን ከሥጋ ወንድሞቼ ይልቅ ከእሱ ጋር ብዙ ቀን ውያለሁ። ከቺሬቦን በማለዳ ተነስተን፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዘን፣ በአሮጌው መንገድ ሰማራንግ እንገባለን፤ በማግስቱ እንመለሳለን። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ኪሱ የሞላ ሰው በዚያ ይሄዳል። እኛ የምንጭነው ዶሮ ያቀፈውን፣ ሁለት መንደር አልፎ የሚወርደውን፣ ልጅ አዝላ የምትሳፈረውን ነው።

ካንግ ሱሮሶ የብሬበስ ልጅ ነው። አባቱ በሰው የሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቱም ሽንኩርት እያሰሩ ነው ያሳደጉት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እንደ እኔ የበር ረዳት ሆኖ ገባ። አሥራ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሞ፣ የሌሎችን ሾፌሮች እግርና እጅ ሲሰልል ኖሮ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ መሪ ያዘ። ያን ቀን እናቱ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው መንገድ ዳር ወጥተው ጠበቁት። እስከዛሬም ጎረቤት «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲላቸው «ስልሳ ሰው ይጎትታል» ነው መልሳቸው። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። በዕረፍቱ ቀን እንኳ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን መኪና ሞተር ያዳምጣል።

የሚያኝከው በሆዳምነት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ሲስቅበት ደሜ ይፈላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ፐማላንግን አልፈን ስንሄድ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ለጥቅሻ ያህል ነው። አውቶቡሱ መንገዱን ስቶ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባ። የሞተ ሰው የለም፤ የአንዲት አሮጊት ክንድ ተሰበረ። ካንግ ሱሮሶ እኚያን ሴትዮ ራሱ ተሸክሞ ከጭቃው አወጣቸው፤ ክንዳቸው እስኪጠገንም በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ ላይ ሆኖ መንጋጋው አርፎ አያውቅም። መንጋጋው ከተንቀሳቀሰ ዓይኑ አይከደንም።

«አምጣ፣ ዋርኖ» ይለኛል። «ካላኘክሁ ይዣችሁ ማሳ እገባለሁ።»

እኔም አጎርሰዋለሁ። ስልሳ ሰው ከኋላችን ተቀምጧል።

የሚኘክ ደግሞ በእኛ መንገድ ጠፍቶ አያውቅም። ተጋል ላይ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ተጠብሶ ይወጣል፤ ፐማላንግ ላይ የድርጭት እንቁላል፤ ፐካሎንጋን ላይ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ሙዝ፤ ወለሪ ላይ በኮኮናት የተጋገረ ኬክ። በየመሀሉ ከረሜላ የሚያስንቅ ሻይ በላስቲክ ከረጢት ከነመምጠጫው ይገባል። ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ይሳፈራሉ፣ በወንበሮቹ መሀል እየዞሩ ይሸጣሉ፣ ቀጣዩ ከተማ ላይ ይወርዳሉ። ትኬት አይቆርጡም። ሲወጡ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ጥቅል ሾፌሩ ፊት ዳሽቦርዱ ላይ ያኖራሉ። ይህ ጥቅል ኋላ ጉድ ስለሚያፈላ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ዓመት የአውቶቡሱ ባለቤቶች አዲስ ደንብ አመጡ፤ ሾፌር ሁሉ ይመዘን፣ ደሙም ይታይ አሉ። ካንግ ሱሮሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጫማውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። መቶ አራት ኪሎ። የደሙን ስኳር ያየው ሐኪም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ደብዳቤ ተሰጠው። በሦስት ወር ውስጥ ከዘጠና ሰባት ኪሎ በታች ካልወረደና ስኳሩ ካልቀነሰ ቁልፉን አስረክቦ አውቶቡስ ማጠቢያው ግቢ ይመደባል።

ደብዳቤውን አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ዋርኖ» አለኝ፣ «እናቴ ሰው ሲጠይቃት ምን ትበል? አውቶቡስ ያጥባል ትበል?»



ሐኪሙ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ መራን። ራትሪ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትናገር ረጋ ያለች ናት፣ ግን የምታመልጣት ነገር የለችም። ያኔ ይህን አላወቅንም።

«በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ፣ ፓክ?» አለችው፤ በእኛ ዘንድ ወንዱን ፓክ፣ ሴቷን ኢቡ ማለት የአክብሮት ነው።

«ሁለት ጊዜ፣ ኢቡ።»

«ሁለት ጊዜ ብቻ?»

«ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ማታ ሥራ ስጨርስ። መንገድ ላይ አልበላም።»

ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው» አልኩ። «መሪ ላይ ሆኖ እህል የሚባል አይቀምስም።»

በእናቴ እምላለሁ፣ አልዋሸሁም። እሱም አልዋሸም። በእኛ ዘንድ በላሁ የሚል ሰው ሩዝ የበላ ሰው ነው። ሩዝ ካልቀረበ አሥር ዓይነት ነገር ቢቆረጥም ገና አልበላም። ሌላው ሁሉ ንጌሚል ነው፤ አፍን ሥራ ማስያዝ፣ መንገድ ማሳጠሪያ። ማን ይቆጥረዋል? ኢቡ ራትሪም የእኛው አገር ልጅ ናት፣ ግን ከመጽሐፍ ብዛት ይመስለኛል ለጊዜው ረስታው ነበር። ሰሃኑን በግማሽ ይቀንሱ ብላ ሸኘችን።

ካንግ ሱሮሶ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሚስቱ ላስሚ ሩዙን በግማሽ ቀነሰችበት፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ታዲያ የራበው ሰው መሪ ላይ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? እኔም ሲርበው አያለሁ፣ አንጀቴን ይበላዋል፣ እጄ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጣ መቶ አምስት ሆኖ ተገኘ።

«ምን ጨመሩ?» አለች ኢቡ ራትሪ።

«ኧረ ምንም፤ ቀነስኩ እንጂ።» ድምፁ እንደ ተማሪ ድምፅ ነበር። «ይኸውና ምስክሬ።»

እኔም መሰከርኩ።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቿ ዘንድ ፐካሎንጋን እንደምትሄድ ነገረችን፤ እስካሁን በባቡር ነበር። «የፊታችን ቅዳሜ በእናንተ አውቶቡስ ልሂድ» አለች። እኛ ደስ አለን። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዝኩላት።

ቅዳሜ መጣች። ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ትንሽ ደብተር ጭኗ ላይ ዘረጋች። እኔ የሥራ ጉዳይ የምትጽፍ ነበር የመሰለኝ። ብሬበስ ሳንደርስ ጨው የበዛበት እንቁላል አጎረስኩት። ሻይ አቀረብኩ። ተጋል ላይ የቶፉ ነጋዴዋ ሳኦዳ፣ እንደ ታላቅ እህት ዩ የምንላት፣ ወጣች፣ እንደ ልማዷ ጥቅሏን ዳሽቦርዱ ላይ አኖረች፣ «አንተ ግንድ፣ ዛሬም አልወደቅህም?» ብላ ካንግ ሱሮሶን ሰደበችው፤ እሱም «ቶፉሽ ነው ደግፎ የያዘኝ» አላት። ጥቅሉ እስኪያልቅ ወደ አፉ ላኩ። የድርጭት እንቁላል ቀጠለ፣ ሻይ ቀጠለ። ፐካሎንጋን ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ኢቡ ራትሪ ጎንበስ አለች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች።

«ምኑ ነው አሥራ ዘጠኙ፣ ኢቡ?»

«ከቺሬቦን ወዲህ የበሉት።»

ካንግ ሱሮሶ ግራ ገባው። «ዛሬ እኮ መንገድ ላይ ምንም አልበላሁም። ይሄ ንጌሚል ነው።»

እኔም ከበሩ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እውነት ነው፣ አልበላም።

አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ እኔን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ፓክ ሱሮሶ፣ ደምዎ ሩዝና ንጌሚል ለይቶ አያውቅም። በሩዝ ልንገርዎት። ከቺሬቦን እስከዚህ ስድስት ሰሃን በልተዋል።»

ስድስት ሰሃን። ሩዝ ስትለው ገባው። እኔ ደግሞ እጄን አየሁት። ጣቶቼ በዘይት ያብለጨልጩ ነበር፤ ሱሪዬ ላይ ጠረግኋቸው።

«ካላኘክሁ እተኛለሁ» አለ ካንግ ሱሮሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ስለ ማሳው፣ ስለ አሮጊቷ ክንድ ነገራት። ይህን ለሰው ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሯን ዘግታ ሰማችው።

«እንግዲያው ማኘኩን አይተዉት» አለች ሲጨርስ። «የሚያኝኩትን ይምረጡ። የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ ውሃ የሞላው፣ አፍ ውስጥ የሚቆይ። ኪያር። ያልበሰለ ዘይቱን። ነጩን ሥር፣ ቤንግኩዋንጉን፣ ልጠው ቆራርጠው። ለውዝ ካማረዎት በውሃ የተቀቀለውን ከነቅርፊቱ፣ እሱም አንድ እፍኝ። ሻዩን ያለ ስኳር። ዘይት የነካው ነገር ግን ይቅር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ፓክ ዋርኖ፣ ይህን የምነግረው ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ኩሽናው እርስዎ ነዎት።»

ሰኞ ጠዋት ላስሚ ኪያርና ቤንግኩዋንግ በቆርቆሮ ሳህን ሞልታ ሰጠችን። ካንግ ሱሮሶ ቆርጦ ተነስቷል። ተጋል ላይ ዩ ሳኦዳ ወጥታ ጥቅሏን አኖረች። የቶፉው ሽታ አፍንጫችንን ሲመታው እሱ ምራቁን ዋጠ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «መልስላት፣ ዋርኖ» አለኝ። «አልፈልግም በላት።»

መለስኩላት። አልፈልግም ብሏል አልኳት። ጥቅሉን ተቀበለች፣ ሳትሸጥ ወረደች። ፐማላንግ ላይ የእንቁላሉን መለስኩ፤ ፐካሎንጋን ላይ የሙዙን። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በየፌርማታው ሆዱን ከጠላት እንደማስጥል ያህል ደረቴን ነፍቼ ነበር የምመልሰው።

አህያ ነበርኩ። ሃያ ዓመት በር ላይ የኖረ ሰው ይህን አያጣውም ነበር። ጥቅሉ ዳሽቦርዱ ላይ ከተቀመጠ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ጥቅሉን ከመለሰ ግን ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ከእንግዲህ አውቶቡሴ ላይ እንዳትወጪ ማለት ነው። ሌሎች ሾፌሮች ከሻጭ ጋር ሲጣሉ እንደዚያ ያደርጋሉ። ካንግ ሱሮሶ በዕድሜው መልሶ ስለማያውቅ ለእሱም ትዝ አላለው፤ እኔም ኪሎ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ረቡዕ ተጋል ላይ ቆምን። ማንም አልወጣም። ዩ ሳኦዳ ከሌሎቹ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ፊቷን ከኋላዋ ወዳለው ግድግዳ አዙራለች። ፐማላንግም እንደዚያው። ወሬ በዚያ መንገድ ላይ ከእኛ አውቶቡስ ይፈጥናል። መንገደኛው ማጉረምረም ጀመረ።

«ምነው ዛሬ? ሰዉ ሁሉ ቀብር ሄዷል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ልጄን ርቧታል» አለች ሌላዋ።

የላስሚ ሳህን ፐማላንግ ሳንደርስ ባዶ ሆኖ ነበር። ከከተማው እንደወጣን አውቶቡሱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ ሙቀት፣ የሞተር ድምፅ፣ ሌላ ምንም የለም። ቀና ብዬ ሳየው መንጋጋው ቆሟል። አንገቱ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ትከሻውን በጥፊ መታሁት። ብርግግ ብሎ መሪውን ያዘ፣ ጥግ አስይዞ አቆመ።  ወርዶ ከቦዩ ውሃ ፊቱን ታጠበ። ያኔ የገባንበት ማሳ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

«ምን ሆነው ነው የማይወጡት?» አለኝ ፊቱን በሸሚዙ እያደረቀ።

ያኔ ነው የበራልኝ። «ካንግ፣ ጥቅላቸውን መለስን እኮ።»

ክው አለ። ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። «ሳኦዳ በሩን ዘጋብኝ ብላ ነው የምታስበው?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስቡት።»

«ሦስት ልጅ በዚያ ቶፉ አሳድጋ...» ፊቱን በሸሚዙ ደግሞ ጠረገ። «ከዚህስ መሪውን ቢወስዱት ይሻላል» አለ። «ነገ ተቀብዬ እበላለሁ።»

«ደብዳቤውስ?»

ደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፈነው። ያን ቀን ሰማራንግ እስክንገባ ዘፈንኩለት፣ ተረት አወራሁለት፣ ሰደብኩት፣ ብቻ ዓይኑ እንዳይከደን ያላደረግሁት የለም። አዘንኩለት። በዚህኛው ቢሄድ ሰው ይጎዳል፣ በዚያኛው ቢሄድ መሪው ይሄዳል።

በማግስቱ ስንመለስ ተጋል ላይ ሞተር አጠፋ። ካንግ ሱሮሶ ተጋል ላይ ሞተር አጥፍቶ አያውቅም። ወርዶ እያዘገመ ወደ ዛፉ ሄደ፤ ተከተልኩት። ዩ ሳኦዳ ቀና ብላም አላየችው።

«ዩ ሳኦዳ» አለ።

«አውቶቡስህ ይሄድብሃል፤ ሂድ።»

«በሩን አልዘጋሁብሽም።»

«ጥቅሌን በሰው ፊት መለስክ። ሃያ ዓመት ሙሉ የበላኸው ቶፉ ዛሬ ሸተተህ?»

«ታምሜ ነው።»

አሁን ቀና አለች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ታመህ ነው? መቶ ኪሎ ተሸክመህ ታመህ ነው?»

«መቶ አምስት» አለ ካንግ ሱሮሶ።

ሻጮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። መነጽር ስላልያዘች ለእኔ አቀበለችኝ፤ ዛፉ ሥር ለተቀመጡት ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ኪሎውን፣ ስኳሩን፣ ሦስት ወሩን፣ ማጠቢያውን ግቢ። ሳቁ ቆመ።

«ታዲያ አፍ የለህም?» አለች ዩ ሳኦዳ፤ ድምጿ ተሰብሯል። «ዩ፣ ታምሜአለሁ ማለት ያቅትሃል? ቤቴ ገብቼ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው ያደርኩት።»

«አፍሬ ነው» አለ። «ይቅር በይኝ።»

 አፍንጫዋን በመቀነቷ ጠረገች። «ጥቅል ሳላኖር አልሳፈርም፤ ለማኝ አይደለሁም።»

«አኑሪ።»

«ካኖርኩ ትበላለህ።»

«እበላለሁ።»

«ውሸታም።» ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ይሄ ቀጫጫ ይብላው። ጥቅሉ ከተበላ ተበላ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ የገባሁበት። የቶፉው፣ የእንቁላሉ፣ የሙዙ፣ የኬኩ ጥቅል ሁሉ የእኔ ሆነ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እምቢ ካልኩ በር ይዘጋል። ለካንግ ሱሮሶ ብዬ በላሁ። ይጣፍጥም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዩ ሳኦዳ ሁለት ጥቅል ይዛ ወጣች። አንዱ እንደ ወትሮው ቶፉ ነው። ሁለተኛውን ስፈታው ጣት ጣት የሚያክል ኪያርና ያልበሰለ ዘይቱን፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከቶፉ ጋር የምትሰጣቸው እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያዎች። «እንቅልፍ ሲመጣበት አንዷን አስነክሰው» አለችኝ። አስነከስኩት። እንባው እየወረደ ከፐማላንግ እስከ ፐካሎንጋን ዓይኑ እንደ ፋና በርቶ ነዳ። የእንቁላል ነጋዴዋ ይህን ስትሰማ የተቀቀለ ለውዝ ከነቅርፊቱ ማምጣት ጀመረች፤ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ቆጥራ። ሻይ ሻጩ ስኳሩን አስቀረ። እኔ ለውዙን አንድ በአንድ እየፈለፈልኩ እሰጠዋለሁ፤ ጣቴ ቀርፋፋ ስለሆነች እፍኟ ሩቅ ታስኬዳለች።

የሚገርመው የመንገዱ ሰው ሁሉ ኪሎውን ማወቁ ነው። በየፌርማታው ገና በሩ ሳይከፈት «ስንት ደረሰ?» ይሉኛል። መቶ ሁለት ስል ጎሽ ይላሉ፤ መቶ ሁለት ላይ ሳምንት ሲቆይ ያኮርፋሉ። አንድ ቀን አንዲት አዲስ መንገደኛ ለደግነቷ ከረሜላ ልታቀብለው እጇን ስትዘረጋ፣ ዶሮ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ተይ፣ ልጄ፣ መሪውን ልታስወስጂበት ነው?» ብለው አስመለሷት። ካንግ ሱሮሶ በመስታወቱ ሽማግሌውን ደጋግሞ አያቸው። እንደዚያ ሰው ያስብልኛል ብሎ ገምቶ አያውቅም ነበር።

ሦስት ወሩ ሞላ። በፈተናው ጠዋት ላስሚ ቀበቶውን በሁለት አዲስ ቀዳዳ አጥብቃ አስታጠቀችው። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁልፉን፣ ሰዓቱን፣ ደብዳቤውን ሳይቀር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔ ቁጥሩን ማየት አቅቶኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዘጠና ስድስት ከስድስት መቶ» አለች ኢቡ ራትሪ።

ስኳሩም ወርዷል። ሐኪሙ ፈረመ። ካንግ ሱሮሶ አዲሱን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ለእናቴ አነብላታለሁ» አለ።

እኔ ጫማውን ላቀብለው ጎንበስ ስል ኢቡ ራትሪ «አሁን እርስዎ» አለችኝ። ደንቡ ከዚህ ወር ጀምሮ ረዳቶችንም ይጨምራል። ወጣሁ። ስልሳ ስምንት ኪሎ የነበርኩ ሰው ሰማንያ አንድ ሆኜ ተገኘሁ።

መነጽሯን አስተካከለች። «ፓክ ዋርኖ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?»

«ሁለት ጊዜ» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ካንግ ሱሮሶ አልሳቀም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ይጻፉ፣ ኢቡ፤ እኔ ልንገርዎት» አለና ጀመረ። ተጋል ላይ አምስት ቶፉ። ፐማላንግ ላይ አሥር የድርጭት እንቁላል። ፐካሎንጋን ላይ ሦስት ሙዝ፣ አንዳንድ ቀን አራት። ወለሪ ላይ ኬክ፣ ግማሹን ለልጁ ይወስዳል፣ ግማሹን ይበላል። አንዷን አልሳተም። ዓይኑን ከመንገዱ የማያነሳ ሰው ይህን ሁሉ መቼ እንዳየ አላውቅም።

«ይህ የእሱ አይደለም» አለ ሲጨርስ። «የእኔ ድርሻ ነበር። እኔ እንዳልበላ፣ እነዚያም ሰዎች እንዳይቀየሙ እሱ በላልኝ። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ።»

 በሃያ ዓመት ውስጥ እኔ ለእሱ የማደርገውን እንጂ እሱ የሚያይልኝን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ኢቡ ራትሪ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ለእኔም ሦስት ወር ጻፈችልኝ።

በማግስቱ ተጋል ላይ ካንግ ሱሮሶ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ዩ ሳኦዳን «ዘጠና ስድስት» አላት፤ ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ጣቱን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ቀስሮ ደግሞ «ሰማንያ አንድ» አለ። ዩ ሳኦዳ ሆዴን አየችው። አንድ ጥቅል ይዛ ነበር፣ ተመልሳ ሌላ አመጣች፣ ሁለቱንም ዳሽቦርዱ ላይ አኖረች። የእኔን ፈታሁት። ኪያር ነው። ሃያ ዓመት ያሸተትኩት፣ ሁለት ወር የበላሁት ቶፉ በቅርጫቷ ውስጥ ጢሱ እየወጣ በአጠገቤ አለፈ።

«ዩ፣ ምናለ አንድ...» ብዬ ጥቅሉን ልመልስላት እጄን ስዘረጋ ካንግ ሱሮሶ ከመሪው ሳይዞር «እንዳትመልስ» አለኝ። «በሩን ዘጋብኝ ትላለች።»

እጄን ሰበሰብኩ። ከከተማው ስንወጣ የባቡሩ ማቋረጫ ተዘግቶ ቆምን። ባቡሩ ረጅም ነበር። ካንግ ሱሮሶ ግራ እጁን ከመሪው አነሳ፣ ከጥቅሉ አንዷን ኪያር መዘዘ፣ ቃሪያዋን አስነካት፣ ወደ በሩ ዘረጋ።

«አፍህን ክፈት፣ ዋርኖ» አለኝ።

ከፈትኩ።